የወንዞቻችንን ዓሦች እንወቅ



ስለ አገር ፍቅር፥ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጤና አጠባበቅ በተማሪዎች መጽሔት ላይ ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ ከደጃችን እየኖረ ማንም ስለማይጠራው ፍጥረት፥ ይኸውም በሻያ፥ በቶጎናና በወይብ ወንዞች ውስጥ ስለሚኖረው ዓሣ ጥቂት ለመናገር ፈለግሁ። አሳቤን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀድም። በወንዞቻችን ውስጥ ያሉት የአገሩ ዓሦች የባሌ ሀብት ናቸው፤ ስለዚህ እነርሱን በየስማቸው ሳንለይና ሳንቈጥር ሌላ እንግዳ ዓሣ በወንዞቻችን ላይ መጨመር፥ ወይም አሁን ያለውን እንግዳ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ማዛወር አይገባም። ይህን ያልሁበትን ምክንያት አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ፤ አንባቢም ይፍረድ።

በመጀመሪያ ስለ ዓለም እንናገር። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ስም ያወጡላቸው የዓሣ ዓይነቶች ከ35,000 በላይ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ግማሽ የሚሆኑት የሚኖሩት ጨው በሌለበት ውኃ፥ ማለት በወንዝ፥ በሐይቅና በረግረግ ውስጥ ነው። ነገሩ የሚያስደንቀው ወንዙና ሐይቁ ሁሉ ቢደመር ከምድር ገጽ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ ነው። ሰፊው ውቅያኖስ ያን ሁሉ ውኃ ይዞ ግማሹን ዓይነት ሲያኖር፥ ጥቂቱ የወንዝና የሐይቅ ውኃ ቀሪውን ግማሽ ያኖራል። በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝና ገባሮቹ ብቻቸውን ከ2,000 የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች ይገኙባቸዋል። በአፍሪካችንም የማላዊ ሐይቅ ከ800 የማያንሱ ዓይነቶች እንዳሉት ይገመታል፤ ከእነዚህም የሚበዙት በሌላ በየትም ቦታ አይገኙም። የመላው አውሮፓ ወንዞችና ሐይቆች ቢሰበሰቡ ይህን አንድ ሐይቅ አያህሉም።

ይህ ለምን ሆነ? ላም በዚህ በኩል ሣር ቢያልቅባት ጋራውን ተሻግራ በዚያ በኩል ትግጣለች፤ ወፍም በርሮ ይሄዳል። የወንዝ ዓሣ ግን ከውኃው ወጥቶ በየብስ መሄድ ስለማይችል፥ አንዱ ወንዝ ከሌላው ወንዝ ጋር ካልተገናኘ በቀር በተወለደበት ተወስኖ ይኖራል። ስለዚህ ለዓሣ እያንዳንዱ ወንዝ በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ነው። በዚያው በተወሰነበት ውኃ ውስጥ በብዙ ሺህ ዓመት እየተራባ፥ ለዚያ ውኃ ብርድና ሙቀት፥ ለዚያም ምግብ የሚስማማ ቅርጽና ጠባይ ይይዛል። በአማርኛ አንድ ሰው ለአገሩ ሰው «የወንዜ ልጅ» ሲል፥ የአንድ ወንዝ ውኃ ጠጥተን ያደግን ነን ማለቱ ነው። ይህ አነጋገር በሰው ላይ ምሳሌ ቢሆንም በዓሣ ላይ ግን ቃል በቃል እውነት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ውኃዎች ውስጥ ወደ 180 የሚጠጉ የዓሣ ዓይነቶች ይገኛሉ። እነርሱም በየወንዙ እኩል የተከፋፈሉ አይደሉም። በጋምቤላ ቆላ የሚፈሰው ባሮ ከነጭ ዓባይ ጋር ስለሚገናኝ ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። የጣና ሐይቅ ደግሞ ከዓባይ ወንዝ የታችኛው ክፍል በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተለይቶ ይኖራል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ስለሆነ ከታች ያለው ዓሣ ሊወጣው አይችልም። በዚህም ምክንያት የጣና ነጭ ዓሣ ብቻውን ቀርቶ እየተለያየ ሄዶ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎችን ወልዷል፤ ከእነርሱም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። እነዚህን ዓሦች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1830ዎቹ ጐንደርንና ጣናን የጐበኘው ጀርመናዊው ኤዱዋርድ ሩፔል ለዓለም ሊቃውንት አስተዋወቃቸው። እንግዲህ የጣናን ዓሣ ፈረንጅ ከገለጸው 190 ዓመት ገደማ ሲሆነው፥ የእኛ የተማሪዎች አብዛኛው ቊጥር ቆሮሶንና አምባዛን ከመለየት አላለፈም።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በደጋማ ወንዞቻችን ውስጥ ከድንጋይ ላይ የሚጣበቅ፥ ከአገጩ በታች እንደ ማኅተም ክብ ሆኖ የሚጠባ ሥጋ ያለው ትንሽ ዓሣ አለ። ውኃው በኃይል ሲወርድ በዚያ ሥጋው ድንጋዩን ይዞ ይቆማል፤ ከድንጋዩም ላይ አረንጓዴውን ቅብ እየፋቀ ይበላል። ሊቃውንት የዚህን ወገን ስም «ጋራ» ይሉታል። ሲሰሙት የእኛ ተራራ የተጠራ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ስሙ እ.ኤ.አ. በ1822 በሕንድ ወንዞች ላይ ከተጻፈ መጽሐፍ የመጣ ነው። የዚህ ዓሣ ዘመዶች ከቻይና ደቡብ ጀምሮ በሕንድና በዓረብ አገር በኩል እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ይገኛሉ። አንድ ጣት የሚያህል ዓሣ ምድራችን ከእስያ ጋር የነበራትን ጥንታዊ ግንኙነት ሲመሰክር ማየት፥ የጂኦግራፊን ትምህርት ከካርታ ይልቅ በወንዝ ዳር እንደ መማር ነው። ከእነዚሁ ከጋራ ወገን ሁለት ዝርያዎች ከጣና ሐይቅ ተለይተው በ2007 እ.ኤ.አ. የታወቁ ሲሆን፥ ከገለጹዋቸው ሁለት ሊቃውንት አንዱ ኢትዮጵያዊው ዶክተር አበበ ጌታሁን ናቸው። ይህም የአገር ልጅ ቢማር የአገሩን ዓሣ ራሱ ሊሰይም እንደሚችል ያሳያል።

ስለ ባሌ ደግሞ እንናገር። ከሳነቴ ሜዳና ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ፥ ይኸውም 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ዙሪያ የሚነሡት ምንጮች ወንዝ ሆነው በየአቅጣጫው ይወርዳሉ። ዲንሾ ላይ ዳንቃ ከወይብ ጋር ይገናኛል። በሮቤ በኩል ሻያ፥ በጎባ በኩል ቶጎና ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ወይብም በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ በጨለማ ከሄደ በኋላ እንደ ገና ወደ ብርሃን ይወጣል፤ በመጨረሻም በዶሎ አቅራቢያ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ የሚባለውን ታላቅ ወንዝ ይሆናል። እንግዲህ በጣናና በባሮ ያለው ውኃ ወደ ሜዲትራኒያን ሲሄድ የእኛው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። መንገዱ ሌላ ስለሆነ ዓሣውም ሌላ ነው።

በዋቢ ሸበሌና በገናሌ ተፋሰስ ውስጥ የሚታወቁት የዓሣ ዓይነቶች 30 ያህል ናቸው። ይህ ቊጥር ከባሮ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ይመስላል። ትንሽ መሆኑ ግን ክብሩን አይቀንሰውም። ስሙን ከገናሌ ወንዝ ያገኘው የነጭ ዓሣ ወገን እ.ኤ.አ. በ1895 በኢጣሊያዊው ሊቅ በቪንቺጌራ ተገልጾ ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2020 የሩሲያ ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት፥ በገናሌ ውስጥ የሚኖረው ይህ ዓሣ በአፉና በከንፈሩ ቅርጽ፥ በአመጋገቡም እየተለያየ ብዙ ዓይነት መልክ ይዞ እንደሚገኝ አስረድተዋል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ነገር በሐይቅ ውስጥ ይበዛል ይባል ነበር፤ የኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ግን በሚሮጥ ውኃ ውስጥም እንደሚሆን ለዓለም አሳዩ።

ከዚህም አልፎ ወንዞቻችን በሚወርዱበት በሶማሊያ ምድር፥ ከመሬት በታች ባለ ውኃ ውስጥ ዓይን የሌላቸው ሦስት የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዱ ዓይንም ቅርፊትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንዳረጋገጠው፥ ይህ ዓሣ ፀሐይ ሳያይ ብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ስለኖረ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የጊዜ መቈጣጠሪያ የቀንና የሌሊቱን 24 ሰዓት ትቶ እስከ 47 ሰዓት በሚደርስ ዙር ይሄዳል። የፈጣሪ ሥራ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያስደንቅ ይችላል?

ታዲያ በክፍላችን ውስጥ ያሉትን ጓደኞቼን «በወንዛችን ውስጥ ምን ዓይነት ዓሣ አለ?» ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ፥ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ትራውት» አሉኝ። ከዚያ ሌላ የጠራልኝ አልነበረም። ትራውት ደግሞ የአገሩ ዓሣ አይደለም። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ፥ ቀስተ ደመናው ትራውት የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ዓሣ ነው። እንግሊዞች በኬንያ ደጋ ወንዞች ለመዝናኛ አረቡት፤ ከኬንያም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ወደ ባሌ ወንዞች ተዛወረ። ያመጡት ሰዎች ለክፋት አላመጡትም። ቀዝቃዛው ውኃችን ለትራውት እንደሚስማማ ተመልክተው፥ አገሩን የሚጐበኝ ይበዛል፥ ሕዝቡም ይመገበዋል ብለው አስበው ነው። ዛሬም መንጠቆውን ይዞ ወደ ዲንሾ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ መንገድ የሚመራውና ፈረስ የሚያከራየው ወጣትም በዚህ ጥቂት ገንዘብ ያገኛል። ይህን ጥቅም ልክድ አልፈልግም።

ነገር ግን ትራውት ሌላ ዓሣን የሚበላ አዳኝ መሆኑን መርሳት የለብንም። እንደ እኛው ደጋ በሆነችው በሌሶቶ የደረሰውን ብንመለከት ትምህርት እናገኛለን። በዚያ አገር ተራሮች አካባቢ ማሎቲ የሚባል ትንሽ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1938 ስም ወጣለት። ከዚያም መጀመሪያ ከተገኘበት ወንዝ ጠፋ። ፈጽሞ ጠፋ ተብሎ ሲታዘንለት እ.ኤ.አ. በ1970 በሌሶቶ ከፍተኛ ወንዞች ውስጥ እንደ ገና ተገኘ። የተረፈውም በተለይ ትራውት ሊደርስበት በማይችል፥ ፏፏቴ በጠበቀው ውኃ ውስጥ ነው። በኒው ዚላንድም እንዲሁ ትራውት በገባባቸው ብዙ ወንዞች የአገሩ ትንንሽ ዓሦች ከቦታቸው ለቀዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ በዚያ ተጨመረ፤ በ1980ዎቹ እጅግ ተራብቶ ወደ 200 የሚጠጉ የሐይቁ ዝርያዎች እንደ ጠፉ ይገመታል። ያው ዓሣ በእኛ አገር በባሮና በጫሞ ተወልዶ ከጐረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። በቤቱ ሲኖር መልካም የሆነው በሰው ቤት ሲገባ አጥፊ ሆነ። ጥፋቱ የዓሣው ሳይሆን ሳያጠና ያዛወረው ሰው ነው።

በዚህ ጕዳይ ላይ የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አሳባቸውንም ሰምቻለሁ።

አንደኛው አሳብ የሽማግሌዎች ነው። አንድ አጎቴ «እኛ የላምና የገብስ ሰዎች ነን፤ ዓሣ ለእኛ ምናችን ነው?» ብለውኛል። በእርግጥ በባሌ ደጋ ዓሣ ከወተትና ከቅቤ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ዘመኑ እየተለወጠ ነው። የሕዝቡ ቊጥር ሲጨምር የግጦሹ ቦታ እየጠበበ ነው፤ በጾም ወራትም በከተማዎች ዓሣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ደግሞስ በኦሮምኛ «ቁርጡሚ»፥ በአማርኛ «ዓሣ» ብለን ስም ያወጣንለት ፍጥረት የእኛ አይደለም ማለት እንዴት ይቻላል?

ሁለተኛው አሳብ የነጋዴዎችና የአንዳንድ ወጣቶች ነው። «ትራውት ገንዘብ ያመጣል፤ ይብዛ፥ በየወንዙም ይረባ» ይላሉ። እኔም ትራውት ይጥፋ አላልሁም። ባለበት ወንዝ ይጠመድ፥ ይበላ፥ እንግዳም ይዝናናበት። የምለው ገና ወዳልደረሰበት ወንዝና ምንጭ እንዳይዛወር ነው። አንድ ጊዜ በወንዝ ውስጥ የተለቀቀን ዓሣ መልሶ መሰብሰብ የፈሰሰ ውኃን እንደ ማፈስ ነው። ገንዘቡ ዛሬ ነው፤ ጥፋቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሦስተኛው አሳብ ከሁሉ ይከብዳል። «የዓሣው ዓይነት በዛ አነሰ የተራበን ሰው አያጠግብም» የሚል ነው። ለዚህ መልሱን ከራሳችን ማሳ ላይ እናገኛለን። በካሊፎርኒያ የገብስን ሰብል ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጭ በሽታ ገበሬዎችን ባስቸገረ ጊዜ፥ በሽታውን የሚቋቋመው ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በሐረና ጫካ ውስጥ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው ቡናም ለዓለም ቡና መጠባበቂያ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። አያቶቻችን ብዙ ዓይነት ገብስ ባያቈዩ ኖሮ ያ ዘር ከየት ይገኝ ነበር? ዓሣም እንደዚሁ ነው። ብርዱን፥ ፈጣኑን ውኃና የክረምቱን ደራሽ ለብዙ ሺህ ዓመት የለመደው የአገሩ ዓሣ፥ ነገ ለእርባታ የሚፈለግ ዘር ሊሆን ይችላል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የተባለው እንዳይደርስብን እፈራለሁ።

ፍርሃቴም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ የዓለም አቀፍ ጥናት በወንዝና በሐይቅ ከሚኖሩት የዓሣ ዓይነቶች ከአራቱ አንዱ ለመጥፋት እንደተቃረበ አስታውቋል። በጣና ሐይቅ ስንኳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ እንደ ቀነሰ ተመዝግቧል፤ ዓሣው ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች አፍ ሲሰበሰብ መረብ ይጠብቀዋልና። በእኛም አካባቢ ለስንዴ ማሳ የሚረጨውን መድኃኒት የያዘውን ዕቃ በወንዝ ውስጥ ሲያጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ውኃ ከታች ላለው ዓሣ ብቻ ሳይሆን ለከብቱና በእንስራ ቀድታ ለምትጠጣው እናትም ይደርሳል።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ ፍሬ ስለሌለው ምን እናድርግ ለሚለው አሳቤን ላቅርብ።

አንደኛ፤ ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት ወደ ባሌ ወንዞች ዓሣ ከመጨመሩ በፊት በወንዙ ውስጥ ያለው የአገሩ ዓሣ ተጠንቶ በጽሑፍ እንዲታወቅ ይሁን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተቋቋመ ጀምሮ ቀይ ቀበሮውንና የደጋ አጋዘኑን ሲጠብቅ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2023ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለቀይ ቀበሮ ያለን ፍቅር ወደ ወንዙም ይውረድ።

ሁለተኛ፤ ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ አለው። ክበቡ በበጋና በክረምት መጨረሻ በመምህር መሪነት ወደ ሻያና ወደ ቶጎና እየወጣ ያገኘውን ዓሣ እየለካ፥ ሥዕሉን እየሣለ፥ ቀኑንና ቦታውን በመዝገብ ይጻፍ። ዓሣውንም በሕይወቱ ወደ ውኃው ይመልሰው። ለዚህ ሥራ አንድ ትንሽ መረብ፥ አንድ ባልዲ፥ አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር ይበቃል። በየዓመቱ የሚመጣው ተማሪ የቀደመውን መዝገብ ተቀብሎ ቢቀጥል፥ ከ10 ዓመት በኋላ ባሌን የሚያጠና ሊቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእኛን መዝገብ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ወላጆቻችን የመርጫ ዕቃውን ከወንዝ ርቀው እንዲያጥቡ፥ የወንዙን ዳር እስከ ውኃው ድረስ እንዳያርሱ እንለምናቸዋለን። የዳሩ ሣርና ቍጥቋጦ አፈሩን ይይዛል፥ ውኃውንም ያቀዘቅዛል፤ ለዓሣው ጫጩትም መሸሸጊያ ነው።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ! ስለ አማዞን ዓሣ በመጽሐፍ አንብበን ፈተና ማለፍ መልካም ነው። ሆኖም ብራዚላዊ ተማሪ ስለ አማዞን ሲናገር እኛ ስለ ወይብ የምንናገረው ቢያጣን የሚያሳፍር ይሆናል። ከመካከላችን ዘንድሮ ጨርሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ሐኪምና መሐንዲስ የሚሆን ብዙ ነው፤ ከእኛ አንድ ወይም ሁለት ሰው እንኳ የዓሣን ትምህርት ተምሮ ቢመለስ ለባሌ ትልቅ ረዳት ይሆናል። የቀሩትም የሳይንስ ክበቡን መረብና ደብተር እንዲረከቡ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው ጕዞ የመስከረም ዝናብ ሲያባራና የሻያ ውኃ ሲጠራ ቢሆን ይሻላል።